በአንድ ተቃውሞ

እኔ ፖለቲካ አልወድም። የወደድኩት ጎማ የሚጠግን ሰው ነበር፤ ፖለቲካው ሳይጠራ እንደሚመጣ የባል ዘመድ በኋላ ነው ከቤቴ የገባው።

የምንኖረው ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ባለቤቴ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው። የሚኒባስም፣ የባጃጅም፣ የፈረስ ጋሪም ጎማ ይሠራል። እኔ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን ልጆች የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ ያኔ አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ የአማርኛ ፊደል እኔ ዘንድ ይጀምሩ ነበር። ስለዚህ በከተማው ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ባሌ እንኳ ሲናደድብኝ ቲቸር ይለኛል።

ፓርቲው የመጣው በተነፈሰ ጎማ ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰው ጎማው ተንፍሶበት ከባሌ ደጃፍ ቆመ። ጎማው እስኪሠራ ስለ አስተዳደር፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ ያወሩ ጀመር። ባሌ ወሬ ከጀመረ ጎማ አይታየውም፤ የአንድ አፍታ ሥራ እስከ ምሳ ድረስ ቆየ። በመጨረሻ ሰውዬው ጎማውን አስጠግኖ፣ ባሌን አባል አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። ማታ «አስከፈልከው?» ብለው «እንዴ፣ የትግል ጓድ ይከፍላል እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሳቅሁ።

ፓርቲው በአገሩ ሁሉ ትንሽ ነበር፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ሦስት ሰው ነበር፦ ባሌ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ እና የጡረተኛው ታናሽ ወንድም። ታናሽ ወንድምየው ከስብሰባ የማይቀረው እኔ ቆሎ ስለማቀርብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምርጫ ምልክት ሲታደል አለቆቻቸው አዲስ አበባ ላይ ዘግይተው ደረሱና፣ ፋኖሱም እርግቡም ተወስዶ ጃንጥላ ደረሳቸው። ባሌ አዘነ። «ጃንጥላ ይዤ ምን ብዬ ልቀስቅስ?» አለ።

«ዝም ብለህ ዘርጋው። እዚህ አገር ከጃንጥላ የበለጠ ምን አለ?» አልኩት።

በፖለቲካ ሕይወቱ የሰጠሁት ምክር እሱ ብቻ ነው፤ የሠራለትም እሱ ብቻ ነው።

የምርጫው ቀን ሰኔ ላይ ዋለና ከማለዳ ጀምሮ ዶፉን አወረደው። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ አጠገብ የማንም ፓርቲ ምልክት መታየት የለበትም የሚል ደንብ አለ። የሌላው ፓርቲ ታዛቢ ብቅ ብሎ ሰልፉን ሲያይ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። «ይሄ ሁሉ ሰው ቅስቀሳ ይዞ ነው እንዴ የቆመው!» ብሎ ጮኸ። አስፈጻሚዎቹ ደንግጠው ተማከሩ። ደንብ አክባሪ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ጃንጥላውን በሩ ላይ አስቀምጦ እንዲሰለፍ ወሰኑ።

መጀመሪያ ያስቀመጠችው ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት ናት። እኔ «አዴ» ነው የምላት፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ማለዳ ማለዳ ወተት ታመጣልን ነበር። ጃንጥላዋን በሩ ሥር ጣል አደረገችና «ይኸው ጃንጥላውን ወሰዳችሁ፤ እሺ ድምፁንስ የት ነው ማስቀምጠው?» አለቻቸው። ከእሷ በኋላ ሁሉም ጣለ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ በሩ ላይ የጃንጥላ ክምር ተቆለለ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ አበባ ያለበት፣ ሽቦው የተሰበረ። ሕዝቡ ደግሞ ዝናብ እየጠጣ፣ ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለ ያን ክምር እያየ ዋለ። ከዚህ የበለጠ ቅስቀሳ በዕድሜዬ አላየሁም። ባሌ በጣም ጥቂት በሆነ ልዩነት አሸነፈ። ወደ ቤት ስንሄድ ጃንጥላው ሁሉ ተቀያየረ፤ እኔ ያነሳሁት የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንዲህ ሆኖ ባሌ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆነ። ከጃንጥላው ወገን ያለፈው እሱ ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከበሩ አጠገብ፣ ብርድ የሚገባበት ወንበር ደረሰው። ስንጋባ ከእሱ በላይ ኦሮምኛ የሚናገር የለም ብዬ ነበር የማስበው፤ እዚያ ግን ስብሰባ በገባ ቁጥር መዝገበ ቃላት ይዞ የሚያድር ሰው ሆነ። ሱሪውን እኔ ተኩሼ፣ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን የጎማ ጥላሸት በሎሚ ፍቄ እልከዋለሁ። ይኮራ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ያነሳው የድልድዩን ነገር ነው። ከከተማችን ጀርባ ወንዝ አለ። በበጋ ልጅ ይዘለዋል። የበልግ ዝናብ ከያዘ ግን ከላይ ከተራራው የሚመጣው ውሃ ግንድ ይዞ ይወርዳል። የማዶ ሰዎች በየዓመቱ ሁለት ባሕር ዛፍ ቆርጠው ያጋድማሉ፤ ወንዙም በየዓመቱ ይወስደዋል። በዋናው መንገድ ዞሮ መምጣት ይቻላል፤ ግን ልጅ ጠዋት ተነስቶ በዚያ ከዞረ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ለእረፍት ሲደወል ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ የእኔ ክፍል እኩሌታው ባዶ ይሆናል። ይህን ለባሌ በየዓመቱ ሳማርር ኖሬአለሁና፣ ገና ሲመረጥ «የአንቺን ድልድይ ካላሠራሁ ወንበሩን እመልሳለሁ» አለኝ።

አላሠራም። «ከዕቅድ ውጭ ነው» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት «ባለሙያ ይየው» ተባለ፤ ቀጥሎ «በሚቀጥለው በጀት ይታያል»። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ግማሾቹ ከማዶ የመጡ ናቸው፤ የገዛ እህቶቻቸው ልጆች ናቸው ወንዙን የሚሻገሩት። ነገር ግን ድልድዩን ያነሳው ጃንጥላው ነው። ከተሠራ «የጃንጥላው ድልድይ» ይባላል፤ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ማዶ ያለው ሕዝብ በሙሉ ጃንጥላ ይዘረጋል። ይህን ፊት ለፊት የሚናገረው የለም እንጂ የማያውቀው አልነበረም።

ባሌም ነገር አያሳምርም። የማያምንበት ነገር ሲመጣ፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ ካወረደ በኋላ፣ «የተቃወመ?» ሲባል ያን ረጅም እጁን ብቻውን ያወጣል። ጸሐፊው «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። ነገሩ ስለተደጋገመ ስም ሆኖ ቀረ። ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ጎማ ሲያስነፉ «አንድ ተቃውሞ፣ ነፋስ ጨምርበት እንጂ!» ይሉታል። እሱ ይስቃል። እኔ እቆጣለሁ። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ብታወጣው? የጤና ጣቢያውንም የደገፍክ፣ የገበያውን ሼድ የደገፍክ አንተ፤ የሚወራልህ የተቃወምከው ብቻ!»

«ሲደግፉ ማን ያያል?» ይለኛል።

በአራተኛው ዓመት፣ በበልግ፣ የአዴ ልጅ ወንዙ ውስጥ ወደቀች። አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ የእኔ ተማሪ። ፊደል ከሁሉ ቀድማ የለየች፣ «ጨ»ን ስትጽፍ ምላሷን የምታወጣ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በግንዱ ላይ እየተሻገረች ሳለ ግንዱ ተንሸራተተ። ጩኸቱን የሰሙት ጋሪ ነጂዎች ናቸው። ባሌ ጎማውን ጥሎ ሮጠ። ውሃው ወደ ታች ወስዷት የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ቀሚሷ ተይዞ አገኟት። ባሌና ሁለት ጋሪ ነጂዎች በፈረስ ልጓም ተያይዘው ገብተው አወጧት። ክንዷ ተሰብሮ ነበር እንጂ ነፍሷ ተረፈች። አዴ ልጇን ታቅፋ ጭቃው ላይ ስትቀመጥ አስታውሳለሁ። አላለቀሰችም፤ ወንዙን ብቻ ነበር የምታየው።

ክንዷ ከዳነ በኋላ ልጅቷ አልመጣችም። ልጠይቅ በዋናው መንገድ ዞሬ ማዶ ሄድኩ። አዴ ወተት እየናጠች ነበር። ጎርፉ እንዳለፈ፣ ፈተና እንደደረሰ፣ ልጅቷ ጎበዝ እንደሆነች ነገርኳት። ሰማችኝ። ቅሉን አላቆመችም።

«ቲቸር፣ ማሎ አትለምኚኝ» አለችኝ። ማሎ ማለት እባክሽ ነው። «ድልድይ ሲሠራ ትመጣለች። እስከዚያ ፊደል ይቅርባት፤ እኔ ልጅ ነው ምፈልገው።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ነበር። ቤት ደርሼ ንዴቴን ባሌ ላይ አወጣሁት። «አራት ዓመት ሙሉ እጅህን እያወጣህ ምን ሠራህ? አንዲት ድልድይ! ወንበሩን እመልሳለሁ ያልከውስ?» አልኩት። እራት ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛው የመጣው። ይህ ሰው የባሌ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አብረው ያደጉ፣ አንድ ወንበር ላይ የተማሩ። በምክር ቤቱ ግን የገዥው ፓርቲ አባል ነው፣ ለዚያውም ቃሉ የሚሰማ። ከተመረጡ ወዲህ ሰው ፊት ሰላምታቸው እንኳ አጥሯል። ያን ቀን እኔ ምሳ ይዤ ጎሚስታ ቤቱ ደርሻለሁ። ሰውዬው ጎማ እያንከባለለ መጣ። ጎማው ጤነኛ ነው፤ ምንም የለውም። ከተቃዋሚ ጋር ምን ታወራለህ ቢባል የሚያሳየው ነገር ብቻ ፈልጎ ነው። ባሌም ገብቶት፣ ቀዳዳ የሌለውን ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ አወጣና የውሃው ገንዳ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።

ጓደኛው አጎንብሶ ውሃውን እያየ ተናገረ። «ድልድዩን እኔ አነሳዋለሁ። በሐምሌው በጀት አስገባዋለሁ። ያልፋል። ግን ካንተ የመጣ መምሰል የለበትም።»

«አነሳኸው ማለት እኮ አለቀ። እኔ ዝም ብዬ እጄን አወጣለሁ» አለ ባሌ።

«ከደገፍክማ ያንተ ነው ይላሉ። ያኔ ከበጀቱ ያወጡታል።»

«እሺ ዝም እላለሁ።»

«አንተ ዝም ብለህ ታውቃለህ? ዝም ካልክ ይጠረጥራሉ።» ጓደኛው ቀና አለ። «መቃወም አለብህ።»

ባሌ ከመነዳሪውን ከውሃው ውስጥ አላወጣውም። አንድም አረፋ የለም። እኔ ምሳውን ይዤ ቆሜአለሁ። የዚያች ልጅ ምላስ፣ «ጨ»ን ስትጽፍ፣ ዓይኔ ላይ መጣ። አታድርገው ልበለው፣ አድርገው ልበለው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለማንም አይነገርም» አለ ጓደኛው። «ከተነገረ እኔን ገምግመው ያወርዱኛል፤ ድልድዩም ይቀራል።»

«ሆድ ይፍጀው» አለ ባሌ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺም ቲቸር» አለኝ። ጎማውን መልሶ ገጠመለትና ሰውዬው እያንከባለለ ሄደ።

በሐምሌ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ጓደኛው ድልድዩን አነሳ፤ እጆች ወጡ። «የተቃወመ?» ሲባል የባሌ እጅ ብቻ ወጣ። ለምን እንደሚቃወም ሲጠየቅ ትምህርት ቤቱ ማዶ ቢሠራ ይሻላል፣ ገንዘቡም ለዚያ ይዋል የሚል ነገር ተናገረ። እንደ ውሸት መጥፎ አልነበረም። ድልድዩ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ማታ ሲመጣ የማደርገው ቢጠፋኝ እግሩን አጠብኩት። ከተጋባን ወዲህ አድርጌው አላውቅም፤ እሱም ምን ሆንሽ አላለኝም።

እዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። በሳምንቱ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ሹም ተነሳና ድልድዩ እንደሚሠራ አበሠረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። «ይህን ድልድይ የተቃወመ አንድ ሰው አለ» ብሎ ጨመረ ሹሙ፣ «ማን እንደሆነ ስሙን ታውቁታላችሁ።» አዳራሹ ዞሮ ባሌን አየው። እሱ አንገቱን ደፋ። አዴ መሐል ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ እሷ አለመቆጣቷ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ብቻ ነው፤ ልጄን ከወንዝ ያወጣ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል የሚል።

በማግስቱ ወተት አልመጣም።

ከዚያ በነሐሴ፣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ፣ የሴቶች ድምፅ ሰማን። የማዶ ሴቶች ያን ረጅም መንገድ ዞረው መጥተዋል። ሁሉም ሲንቄ ይዘዋል። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ለመምቻ አይደለችም። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ ጎረቤቶቿም ይከተሏታል፤ ሲንቄ ከተያዘ ወንድ ሆኖ በመሐል የሚያልፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር የለም። በደለኛ የተባለው ወጥቶ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሙግት የሚባል ነገር የለበትም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ያከብራል፤ ባለሥልጣንም ያከብራል።

ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ከፊት አዴ ናት። ሚኒባሶቹ ቆሙ፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው ከመንገዱ ወረዱ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ኦሮምኛዬ ደካማ ቢሆንም የሚሉት ገብቶኛል፦ ውሃው ልጃችንን ሊወስድ መጣ፣ አንተ አወጣህ፤ ድልድይ ሊመጣ ሲል አንተ መለስክ፤ እጅህ የትኛው ነው?

እኔ በሩ ውስጥ ነበርኩ። «ንገራቸው!» አልኩት። «አሁን ንገራቸው። እነዚህ ሴቶች ናቸው እንጂ ምክር ቤቱ አይደሉም። እነሱ ካወቁ ይበቃል።»

«እነሱ ካወቁ ነገ አገር ያውቃል። ሥራው አልተጀመረም እኮ» አለኝ።

ከጓሮ እርጥብ ሣር ነጨ። በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ሣር የያዘ ሰው አይጣላም፤ ይለምናል። አዴ ፊት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ነጠላዬን ነክሼ ቆምኩ። ባሌ ባላጠፋው ጥፋት፣ በገዛ ደጃፉ፣ በጋሪ ነጂዎቹ ፊት ሲያጎነብስ አየሁ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተናድጄበት አላውቅም።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ካሳው አንድ በግ እንዲሆን ተነገረ። በጉ መጣ፣ ታረደ። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው መረቁት፦ ቤትህ ይሙላ፣ እጅህ ይለምልም፣ ከብትህ ይርባ። ከብት የለንም፤ ሁለት ዶሮ ነበረን። አዴ በመጨረሻ ቀረበችና ሣሩን ከእጁ ተቀበለችው። «እርቅ ወረደልን፤ አለቀ» አለች። በልማዳቸው እርቅ የወረደበት ነገር ከዚያ ወዲያ አይነሳም፤ የሚያነሳው ሰው ራሱ በደለኛ ይሆናል።

በማግስቱ ወተቱ መጣ። አዴ እንደ ድሮው ደጃፋችን ላይ ቅሏን አስቀምጣ፣ ሰላምታ ሰጥታ ሄደች። ከልቧ እንደሆነ ያስታውቃል። እኔን ያሳረረኝ ይሄው ነው፤ ይቅርታው እውነት ነበር፣ ጥፋቱ ግን ውሸት።

ድልድዩ በበጋው ተሠራ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጋሪ ያሳልፋል፣ መኪና አያሳልፍም። ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ፣ ጓደኛው ንግግር አደረገ። ባሌ አልተጠራም። ጎማ ሲሠራ ዋለ። በበልግ ዝናቡ ሲመጣ የክፍሌ በር ተከፈተና ያቺ ልጅ ገባች። ክንዷ ትንሽ ጠምሟል። ወደ ድሮ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠችና ደብተሯን አወጣች። የዚያን ቀን ማስተማር አልቻልኩም፤ ሰሌዳው ላይ የቆየ ጽሑፍ አስገልብጬአቸው ወጣሁና ደጅ ቆሜ አለቀስኩ።

ምርጫው የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ፀሐይ ነበር፤ አንድም ጃንጥላ የለም። ባሌ ሳይቀሰቅስ ነው የተወዳደረው። ምን ብሎ ይቀሰቅስ? ከተማው ድልድዩን የተቃወመውን ሰው አልፈልግም አለ። እነዚያ ነፋስ በነጻ ሲሞላላቸው የኖሩ ጋሪ ነጂዎች እንኳ፣ አሁን በዚያው ድልድይ ላይ እየነዱ፣ ጀርባቸውን ሰጡት። ተሸነፈ፤ በደንብ ተሸነፈ። የገረመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማዶ በተከፈተው አዲስ ጣቢያ ድምፅ አግኝቷል፤ ጥቂት አይባልም። «ከየት መጣ? ተሳስተው ቆጥረው ይሆናል» ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ይለው ነበር። ጎማ እየነከረ ሳለ ቀና ብሎ «ግን የማዶው ድምፅ…» ይልና ይተወዋል።

ፓርቲው ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ በአንደኛው ወገን ሆኑ። ታናሽ ወንድማቸው ቆሎው ካለበት ከእኛ ጋር ቀረ። ባሌ ከማንኛውም አልሆነም፤ ወደ ጎማው ተመለሰ። «አንድ ተቃውሞ» የሚለው ስም ግን አልተመለሰም። አሁን ሲጠሩት ሳቅ የለበትም። አንዳንዱ ልጅ «የድልድዩ ሰው» ይለዋል፣ በክፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ሰፈር ንጋቱም ቶሎ አይጠራም፤ ጭጋግ አለ።

እኔ በየቀኑ ለመናገር ስጠብቅ ኖርኩ። ጓደኛው ወደ ሲሬ ተዛውሮ ሄደ፤ «አሁን ልንገር?» አልኩት ባሌን። «ሥራ ላይ ነው» አለኝ። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል አለፈች፣ አሥራ ሁለተኛን አለፈች፣ አሰላ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገባች። «አሁንስ?» «ቃል ነው።» በመጨረሻ አምና ጓደኛው ጡረታ ወጣና ሊጠይቀን መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ጎማ ሳያንከባልል የመጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ቡና ጠጥቶ ሲነሳ ወደ እኔ ዞረና «ተናገሪ እንግዲህ፤ እኔን ከእንግዲህ ማን ይገመግመኛል?» አለኝ። ባሌ ሊከለክለኝ አፉን ከፈተ። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

አዴን ያገኘኋት ድልድዩ ላይ ነው፤ ከገበያ ስትመለስ። መሐል ላይ አስቆምኳት። ውሃው ከሥራችን ይጮህ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስለማመደው የኖርኩት ንግግር ጠፋብኝና «አዴ፣ ያኔ ባሌ ድልድዩን ሲቃወም…» ብዬ ጀመርኩ።

እጄን ያዘችው። «ቲቸር፣ ማሎ! ማሎ!» አለች። «ይሄ ነገር እርቅ ወርዶበታል። አይቆፈርም።»

«አይደለም፣ ስሚኝ፤ እሱ እኮ አላጠ…»

«ረቢን ፍሪ እንጂ!» ተቆጣችኝ፤ ፈጣሪን ማለቷ ነው። «ሣር ተቀብዬዋለሁ። በግ በልተናል። ጥፋቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ ይሁን እኔ ዛሬ አላውቅም፤ ሄዷል። አንቺ ሚስቱ ሆነሽ የባልሽን የታረቀ ጥፋት ታነሺበታለሽ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ሴት ስለ ባሌ እውነቱን ልሰማ ብትል እርቁን ማፍረስ አለባት፤ እርቁን ደግሞ አታፈርስም። ባሌ ይቅር ስለተባለ ከእንግዲህ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ልጮህ ደረስኩ። እሷ መልኬን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን አለሳለሰችው።

«አንቺ እኛ ቂም ያዝንበት መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «እኛ ማዶኞቹ እኮ ለእሱ ነው የሰጠነው።»

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ። በሁለተኛው ምርጫ። ከተማው ሲተወው ሴቶቹ ተሰበሰብን። ሰው ከታረቀ በኋላ መልሶ ካልሰጡት ምን እርቅ ነው? አልን። ሁላችንም ጃንጥላው ላይ አደረግን። አንዷ ብቻ ናት እምቢ ያለች፤ እሷም ባሏን ፈርታ ነው።»

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ባሌ ገንዳው ላይ አጎንብሶ ከመነዳሪ ይነክራል። ነገረቻት አልነገረቻት ብሎ ሲጠብቅ እንደዋለ ያስታውቃል።

«ነገርሻት?»

«አልሰማ አለችኝ። ታርቀናል አለችኝ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን እንደጠበቀ ሁሉ። ከዚያ የማዶው ድምፅ ከየት እንደመጣ ነገርኩት። ሴቶቹ እንደተሰበሰቡ፣ ምን እንደተባባሉ፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም ለእሱ እንደሰጡ። ቀና ብሎ አየኝ። ከመነዳሪው ከእጁ ወደ ውሃው ገባ። ፊቱ በሙሉ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

«ከአንዷ በቀር?» አለ። «በአንድ ተቃውሞ ጸደቅሁ በይኛ!»